ፋይል ያለው ብቻ ነው የሚከፍለው

ሰሞኑን የንብረት ታክስ የማይነሳበት የቡና ጀበና የለም፣ እኔን ያየ ሰው ሁሉ ደግሞ "አንቺ እዛው ስለሆንሽ ንገሪን እንጂ፣ ስንት ሊመጣብን ነው?" ይለኛል። እዛው የሚሉት ማዘጋጃ ቤት ነው። ምስራቅ ጎጃም ውስጥ አስፋልት ዳር ባለች አነስተኛ ከተማ የቤት ግብርና የቦታ ኪራይ ስሰበስብ ዘጠኝ አመቴ ነው፣ የከተማዋ ስም ይቆየኝ፣ አብረውኝ የሚሰሩት ሰዎች በኔ ፅሁፍ እንዲጠየቁ አልፈልግም። ስንት እንደሚመጣ ግን እኔም አላውቅም። የማውቀው ሌላ ነገር ነው፣ ለሱም ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምፅፈው።

ባለፈው ወር እኔና አንድ የመሬት ክፍል ባልደረባዬ ሜትር ይዘን አስፋልት ዳር ያሉትን ቤቶች እንድናጣራ ተላክን። ማጣራት ማለት ፋይሉ ላይ የተፃፈውን ቤትና በአይናችን የምናየውን ቤት ማመሳከር ነው፣ ስንት ክፍል ነው፣ ግድግዳው ጭቃ ነው ብሎኬት፣ ጣራው ምንድነው፣ ግቢው ስንት ካሬ ነው። ሶስተኛው ቤት የአንዲት እናት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው እኔም እማማ ልበላቸው። ገና ባልደረባዬ ሜትሩን ከአጥሩ ጥግ አስይዞኝ ወደ ኋላ መሄድ ሲጀምር እማማ ከጓሮ ወጡ፣ እጃቸው ላይ የጎመን ቅጠል ይዘው፣ ሜትሩን አዩት፣ ከዛ እኔን አዩኝ፣

"የኔ ልጅ፣ ደሞ ቀላድ መጣ?" አሉኝ።

ቀላድ ድሮ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው፣ እኔ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። "አይ እማማ መረጃ ለማጣራት ነው፣ ምንም የሚነካብዎት ነገር የለም" አልኳቸው። እሳቸው ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው "አባቴም እንዲህ ነው የተባለው" ብለው ጀመሩ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር የሚባለው ሲመጣ አባታቸው ሞጣ በኩል ነበሩ፣ መሬት ሊለካ ነው፣ ርስታችሁ ሊወሰድ ነው ተባለ፣ ሰው ከብቱን ሸጦ ጥይት ገዛ አሉኝ። እማማ ያኔ ልጅ ነበሩ፣ የሚያስታውሱት አውሮፕላኑን ነው። ድምፁን ሲሰሙ እናታቸው ዱቄት የያዘ እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙባቸው፣ እንዳትጮህ ብለው።

ይሄን ታሪክ ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው በየቤቱ ሰምቶታል። ግን አስቡት እስኪ፣ ያኔ ገበሬውን ያስነሳው የግብሩ ብዛት ብቻ አልነበረም፣ ልኬታው ነው። ብዙው ሌላ ክፍለ ሀገር መሬቱ በጋሻ ተለክቶ ለም፣ ለም ጠፍ (መካከለኛ)፣ ጠፍ ተብሎ ሲመደብ ጎጃም ግን አላስለካም ብሎ በቆየው ግምት ነበር ሲገብር የኖረው፣ ስለዚ የእርሻ ገቢ ግብር ሊገምቱ መጡ ሲባል ሰዉ የሰማው "ቀላድ ሊገባ ነው" የሚለውን ነው። ቢቸና፣ ሞጣ፣ ዳሞት ሁሉ ተነሳ፣ ብዙ ሰው አለቀ፣ በመጨረሻ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፣ ንጉሡም የተጠራቀመውን ውዝፍ ማሩ። እዚህ አገር ላይ ሜትር ይዞ ግቢ መግባት ቀላል ነገር አይደለም፣ ይሄን አዲስ አበባ ሆኖ ደንብ የሚያረቅ ሰው ቢያውቅልን ደስ ይለኛል።

ወደ እማማ ልመለስ። ለክተን ስንጨርስ "ቆዪ የኔ ልጅ" ብለው ገብተው የወተት ጣሳ ይዘው መጡ። ውስጡ በፌስታል የተጠቀለለ የግብር ደረሰኝ ነው። ደርግ ከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሐምሌ 1967 ከወረሰ በኋላ በ1968 የወጣው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ ነው እስከዛሬ እኛ ስንሰበስብበት የኖርነው፣ የእማማ የመጀመሪያው ደረሰኝ የ1971 ነው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ተልጦ፣ የገንዘብ ተቀባዩ ፊርማ ግን እስካሁን ይነበባል። አንድም አመት አልዘለሉም። ባላቸው ሲሞቱም፣ በ1983 ለውጡ ሲመጣም፣ ኮሮና ጊዜም፣ መንገድ ተዘግቶ ከተማው ጭር ባለበት ሰሞንም ከፍለዋል። "ግብር ያልከፈለ ሰው አገር የለውም" ብለውኝ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ።

ከሳቸው ቀጥሎ ያለው ባለ ሶስት ፎቅ ነው። ታች ሱቆች፣ መሃል ቢሮ፣ ላይ ሆቴል የሚመስል ነገር። የሱን ፋይል ስከፍተው ምን አገኘሁ መሰላችሁ፣ "የጭቃ ቤት፣ 2 ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን"። ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ከተሰራ አመታት አልፈዋል፣ ግንባታ ፈቃዱ አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ ካርታው ሌላ ክፍል ነው፣ የኛ የግብር ፋይል ሌላ ሼልፍ ላይ ነው፣ ሶስቱ ተገናኝተው አያውቁም። በአመት የሚከፍለው ከእማማ የሚበልጠው በ17 ብር ነው። ሰውየውን አልወቅሰውም፣ ክፈል የተባለውን እየከፈለ ነው፣ ጥፋቱ የኛ ነው፣ የኔ ጠረጴዛም ጭምር።

እንግዲህ የኔ ጭንቀት ይሄ ነው። ሁሉም ሰው የሚከራከረው ስለ ፐርሰንቱ ነው፣ በዛ አነሰ፣ ፍትሃዊነቱ ግን የሚበላሸው ፐርሰንቱ ጋ ከመድረሱ በፊት መዝገቡ ላይ ነው። ፋይል ያለው ይከፍላል፣ ፋይል የሌለው ወይም ፋይሉ ያረጀበት ያመልጣል። ከተማችን ውስጥ ሙሉ ፋይል ያላቸው ደግሞ እነ እማማ ናቸው፣ ድሃና ታማኝ የሆኑት።

እስቲ በቁጥር ላሳያችሁ፣ ጥር 2017 ላይ የፀደቀው የፌዴራሉ የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365 አሰራሩ እንዲህ ነው። የንብረቱ ዋጋ ይገመታል፣ ከግምቱ 25 በመቶው ብቻ ለታክሱ መነሻ ይወሰዳል፣ ከዛ ላይ ለመሬቱ መጠቀሚያ መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ ለህንፃው ደግሞ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ በየአመቱ ይከፈላል። ዝርዝሩን እያንዳንዱ ክልል በራሱ ህግ ነው የሚወስነው፣ ምክንያቱም በ2015 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው ይሄን ታክስ ለክልሎች ስለሰጡት።

አሁን የእማማን ቤት እንገምት፣ ዋጋው ለምሳሌ ያህል የኔ ግምት ነው። ጭቃ ቤቱን ዛሬ ልስራው ቢባል 400,000 ብር ይፈጃል እንበል፣ ሩቡ 100,000፣ ታክሱ ከ100 እስከ 1,000 ብር። ብዙም አያስደነግጥም። መሬቱስ? 300 ካሬ ነው፣ አስፋልት ዳር ስለሆነ ካሬው 4,000 ብር ቢገመት 1,200,000 ይሆናል፣ ሩቡ 300,000፣ ታክሱ ከ600 እስከ 3,000 ብር። ሲደመር ከ700 እስከ 4,000 ብር በአመት ማለት ነው። እማማ ገቢያቸው የባላቸው ጡረታና ለአስተማሪዎች የሚያከራዩዋቸው ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ናቸው፣ ከሁለቱ አንዱ ተከራይ ካጣ ቆይቷል።

ፎቁንስ? በዛሬ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ 20 ሚሊዮን ብር ያወጣል ብንል ሩቡ 5 ሚሊዮን፣ የህንፃው ታክስ ብቻ ከ5,000 እስከ 50,000 ብር ነው። በፋይሉ ከሄድን ግን ፎቁ ጭቃ ቤት ስለሆነ ከ100 እስከ 1,000 ነው የሚመጣለት። ልዩነቱን አያችሁት? ፐርሰንቱን የፈለጋችሁትን ያህል አስተካክሉት፣ መዝገቡ እንደዚህ ከሆነ እማማ የፎቁን ድርሻ ነው የሚሸከሙት።

አስፋልት ዳር የሚለውን ነገር ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም የጎጃም ከተሞች ሁሉ ቅርፃቸው አንድ አይነት ነው። ከደጀን ጀምራችሁ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርጋችሁ እስከ ባህርዳር ብትሄዱ፣ ወይ በሌላኛው መንገድ በቢቸናና በሞጣ በኩል ብትሄዱ ከተማው የተሰራው መንገዱን ተከትሎ ነው። ድሮ መጀመሪያ የሰፈረው ሰው መንገድ ዳር ሰፈረ፣ ጠላ የሚሸጥ፣ ለነጋዴ ማደሪያ የሚያከራይ፣ አሁን እነሱ አርጅተዋል ቤታቸውም አርጅቷል። ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ ፎቁን አስፋልት ላይ ቢሰራም መኖሪያ ቪላውን የሚሰራው ወጣ ብሎ ነው፣ ሰፋ ያለ ግቢ፣ ፀጥ ያለ ቦታ፣ የቦታ ደረጃው ዝቅተኛ የሆነበት። ስለዚ በመሬት ደረጃ ብቻ ስትገምት አንደኛ ደረጃ ላይ ያለችው ያረጀች ባልቴት ሆና ትገኛለች። መሬቱ ውድ መሆኑ እማማን ሀብታም አያደርጋቸውም። ሊሸጡት አይችሉም፣ ህገ መንግስቱ አንቀፅ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፣ መሸጥ የሚችሉት ቤቱን ነው፣ ቤቱን ሸጠው ደሞ የት ይግቡ።

ይሄን ነገር የምናነሳው እኛ ሰራተኞቹ ብቻ አይደለንም። በቀደም ከተማ አስተዳደሩ ጠርቶን ከቀበሌ ሰዎችና ከምክር ቤት አባላት ጋር ተወያይተን ነበር፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ እኔ የጠበቅኩት ሁሉም ዝም ብሎ ያጨበጭባል ብዬ ነው። አልሆነም። አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ተነስቶ "እኔ ነኝ ይሄን ወረቀት በር ላይ የማደርሰው፣ እናንተ ቢሮ ናችሁ፣ እኔ ከሰዉ ጋር ቀብር እቀብራለሁ፣ እድር እበላለሁ፣ ለምን ለሷ አራት ሺህ ለሱ አራት መቶ ሆነ ሲሉኝ ምን ልበል?" አለ። ሌላዋ የምክር ቤት አባል ደግሞ ገማቹ ማነው ብላ ጠየቀች። እዚህ ከተማ ቤት የሚገምት በሙያው የሰለጠነ ሰው አንድም የለንም፣ ከባንክ ወይ ከሌላ ከተማ ነው የሚመጣው፣ የሚመጣው ሰው የገበያ ዋጋ የሚያየው ደግሞ ከምንድነው፣ እዚህ የቤት ሽያጭ ውል ላይ የሚፃፈው ዋጋና እጅ በእጅ የሚሰጠው ዋጋ አንድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ካዳስተሩም (የመሬት ይዞታ መዝገቡ) ቢሆን የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ 818 ከወጣ ከ2006 ጀምሮ አለ፣ እኛ ጋ ግን የደረሰው በጣም ጥቂት ሰፈር ነው።

በዛው ስብሰባ ላይ የገንዘብ ሰውየው ያለው ነገርም ልክ ነው፣ እሱንም ልፃፈው ካልፃፍኩት ለራሴ ያደላሁ ይመስለኛል። የአስተማሪና የጤና ባለሙያ ደሞዝ ከክልል በጀት ይመጣል፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ዲች (የጎርፍ መውረጃ ቦይ)፣ የመንገድ መብራት፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ ቄራ ግን ከተማዋ ራሷ ከምትሰበስበው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው። ከዛ ገቢ የቤት ግብሩና የቦታ ኪራዩ ከ1968 ታሪፍ ጋር የተጣበቀ ነው፣ የዛሬ ኮብልስቶን ደግሞ በዛሬ ዋጋ ነው የሚነጠፈው። ስለዚ ታክሱ አይምጣ የሚል ሰው ዲቹ አይጠረግ እያለ ነው፣ እኔ እንደዛ አልልም። ክረምት ላይ ከገበያው በላይ ያለው ጎርፍ የእማማን አጥር ስር ሲበላው በአይኔ አይቻለሁ፣ ሶስት አመት ሙሉ "በጀት የለም" ያልናቸው እኛው ነን። ታክሱ ከነሱ ሰፈር ተሰብስቦ እነሱ ሰፈር ዲች ሆኖ ቢመለስ እማማ ራሳቸው ከጣሳቸው አውጥተው የሚሰጡ ሰው ናቸው።

የሚያሳስበኝ ሌላው ጊዜው ነው። እዚህ አካባቢ ያለፉት አመታት እንዴት እንደነበሩ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ መንገድ ሲዘጋ ገበያ ይዘጋል፣ ገበያ ሲዘጋ ተከራይ ይወጣል። ቤቱ ግን ያው ቆሟል፣ የንብረት ታክስ ደግሞ ቤቱ ገቢ አመጣ አላመጣ ብሎ አይጠይቅም። የቤት ኪራይ ግብር ቢያንስ ተከራይ ከሌለ የለም፣ ይሄኛው ግን ባዶ ክፍልም ላይ ይመጣል። ክልሉ ደንቡን ሲያወጣ ይሄን ካላሰበበት፣ ዝቅተኛውን ፐርሰንት ትቶ ከፍተኛውን ከመረጠ፣ ለጡረተኛና አቅም ለሌለው ማቆያ ወይም ነፃ የሚሆንበት መንገድ ካላስቀመጠ እኛ ደረሰኝ ቆራጮቹ ፊታችንን ወዴት እንደምናዞር አላውቅም።

እኔ በስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ያልኩት አንድ ነገር ነው፣ እዚህም ልድገመው። አንድም ሰው ሂሳብ ከመላኩ በፊት ግምቱ ይለጠፍ። በየቀበሌው በር ላይ፣ የቤት ቁጥር፣ ስንት ካሬ፣ ከምን የተሰራ፣ ስንት ፎቅ፣ ስንት ተገመተ። የሰፈሩ ሰው ሰላሳ ቀን ቆሞ ያንብበው። ከኔ ፋይል በላይ ትክክለኛ መረጃ ያለው የሰፈር ሰው ነው፣ ያኛው ቤት ጭቃ ተብሏል እሱ እኮ ፎቅ ነው ብሎ የሚያርመው ጎረቤት ነው፣ የኔን አብዝታችሁብኛል ጣራዬ ዝጎ እያፈሰሰ ነው የሚልም ካለ ሄደን እናያለን። ቅሬታ ሰሚውም ገማቹን ከመደበው ቢሮ ውጪ ይሁን፣ አሁን እንደምንሰራው ቅሬታውን ያው የገመተው ሰው ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ቅሬታ መስማት አይደለም። እና መጀመሪያ ከፎቆቹ ይጀመር፣ ከንግድ ህንፃዎቹ፣ ቁጥራቸው ትንሽ ነው በአንድ ወር ለክተን እንጨርሳቸዋለን፣ ከነሱ የሚገኘው ታይቶ ከዛ ወደ ጭቃ ቤቶቹ ቢመጣ ምናልባትም ዝቅተኛው ፐርሰንት ይበቃን ይሆናል።

አንድ አለቃ "የሰው ሀብት እንዴት በር ላይ ይለጠፋል፣ ሰው እርስ በርሱ ይጣላል" አለኝ። ገባኝ፣ ጎጃም ላይ የሰው ሀብት አይቆጠርም፣ ከብት እንኳ ስንት አለህ አይባልም። ግን የ1960ውን ነገር ያመጣው እኮ ሰዉ ምን እየተፃፈበት እንደሆነ አለማወቁ ነው። በድብቅ የተለካ ነገር ወሬ ይሆናል፣ ወሬው ደግሞ "ቀላድ መጣ" ይሆናል። ቃለ ጉባኤው ላይ የኔ ሀሳብ "ተጨማሪ አስተያየት" ተብሎ በአንድ መስመር ተፅፏል፣ አንብቤዋለሁ፣ ቢያንስ ተፅፏል።

ትናንት ከስራ ስወጣ በእማማ በር አለፍኩ። ጎረቤቱ ፎቅ መብራቱን አብርቶ የሳቸው ግቢ ውስጥ ሁሉ ብርሃን ገብቷል፣ እሳቸው በዛ ብርሃን ባቄላ ይፈለፍላሉ። "የለካሽው ምን ሆነ የኔ ልጅ?" አሉኝ። ገና ነው እማማ፣ አልተወሰነም አልኳቸው። "ስትወስኑ ወረቀቱን አምጪልኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰጠኝ፣ አንቺ አንብበሽ ስጪኝ" አሉ። እሺ አልኳቸው። ከዛ ደግሞ የፎቁን ፋይል አወጣሁት፣ ዛሬ ጠዋት ማለት ነው፣ ከግንባታ ፈቃዱ ጋር አንድ ላይ አሰርኩት፣ "የጭቃ ቤት" የሚለውን አልሰረዝኩም ስልጣኔ አይደለም፣ ግን ከላይ ማስታወሻ ፅፌ ፈርሜ ቀን አድርጌበት አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ።